እናቴን ቤታችን ድረስ መጥተው ላስታመሙልን

የእናቴ አርባ እስኪወጣ ብዬ ነው የዘገየሁት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እየወጡ ላስታመሙልን ነርስና በጎ ፈቃደኞች እግዜር ይስጥልኝ ማለት እፈልጋለሁ።

ሐኪሞቹ ካንሰሩ ተሰራጭቷል፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሟት ሲሉን፣ እንዴት እንደሚያስታምሙ የነገረን አልነበረም። ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ሞርፊን ሲታዘዝላት ደግሞ አባቴ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ ፈራ። ነርሷ ቁጭ ብላ አስረዳችው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ ለህመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የሚጠጣው ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ህመሙ እስኪነሳ አይጠበቅም፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል፤ ሆድ ስለሚያደርቅም ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ እናቴ እንቅልፍ አገኘች። እኛም እንደዚያው።

በጎ ፈቃደኞቹ ጀርባዋ እንዳይቆስል እንዴት እንደምናገላብጣት፣ አንሶላውን እሷ እንደተኛች እንዴት እንደምንቀይር፣ መዋጥ ሲያቅታት አፏን በእርጥብ ጥጥ እንዴት እንደምናርስላት አብረውን እየሠሩ አሳዩን። አንዷ እህቴን «ሂጂ፣ ገላሽን ታጠቢና ትንሽ ጋደም በይ፣ እኔ አለሁ» ትላት ነበር። ይህቺ ቃል ምን ያህል እንደምታሳርፍ ያስታመመ ያውቃታል።

ዘመድ ሁሉ ደግሞ «እንዳትነግሯት» ይለን ነበር። ነርሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «እማማ፣ ስለ ህመምዎ እንዲነገርዎ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «ልጄ፣ እኔማ አውቄዋለሁ፤ እነሱ እንዳይጨነቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ መንሾካሾክ ቀረ። የንስሐ አባቷ መጡ፣ ቆረበች፣ ከወንድሟ ጋር ታረቀች፣ የእድሯን ደብተር የት እንዳስቀመጠች ሳይቀር ነገረችን።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ በጠና የታመመ ሰው ካለ መጨረሻው ሰዓት እስኪደርስ አትጠብቁ። የሚያክማችሁን ሐኪም የበሽተኛውን ህመምና ስቃይ ስለሚያቀለው «የማስታገሻ ህክምና» በግልጽ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ይህን ከሚሠሩት አንዱ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው።

ማገዝ የምትፈልጉም ነርስ መሆን የለባችሁም። እዚህ ዳር ላለነው ከከተማ መድኃኒት የሚያመጣ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ አስታማሚው ወጣ ብሎ እስኪመለስ ከበሽተኛው ጋር የሚቀመጥ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እጃችሁ ከቻለ ደግሞ የአዋቂ ዳይፐርና ጓንት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልቀው።