ፎርምቫርና ካርቦን የለበሰ የመዳብ ግሪድ፦ የስምንት ወር አጠቃቀም ግምገማ

ግሪዱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና የሚያርፍበት ክብ ወንፊት ነው፤ ላዩን ፎርምቫር የተባለ ፕላስቲክና ካርቦን እንደ ስስ ፊልም ለብሷል። ባለ 300 ሜሽ ነው (በአንድ ኢንች 300 ቀዳዳ)፤ የክቡ ስፋት 3.05 ሚሊሜትር። ስምንቱን ወር የዋለው በአንድ ሥራ ላይ ነው፦ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ለሌላ ባክቴሪያ ለማቀበል የሚዘረጋውን ክር፣ ኤፍ ፒለስን፣ በኔጌቲቭ ስቴይን (ዙሪያውን አጥቁሮ ናሙናውን በሚያጎላ ማቅለሚያ) ማየት።

ፊልሙ ቸኩለው ካልጎዱት ጠንካራ ነው። በዝቅተኛ ማጉያ የኤሌክትሮን ጨረሩን ዘርግተው አንድ ሁለት ደቂቃ ካስለመዱት ይጸናል፤ ወዲያው ካጠበቡበት መሃሉ ይቀደዳል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ሳጥኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። ወራት ያስቆጠረ ግሪድ ውሃ ይጠላል፤ ጠብታው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውሃ ተድቦልቡሎ ይቆማል። ማቅለሚያውም አንዱ ጋ ይጠቁራል፣ ሌላው ጋ ጭራሽ አይደርስም፤ 8 ናኖሜትር የምታህል ክር በዚህ መሃል አትገኝም። መፍትሔው ግሎው ዲስቻርጅ (በኤሌክትሪክ በተሞላ ስስ ጋዝ ገጹን ውሃ ወዳድ ማድረግ) ነው፦ 15 ሚሊአምፔር፣ 30 ሰከንድ። ከዚያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠቀሙበት፤ ለነገ ማሳደር ብሎ ነገር የለም።

አሠራሩ አጭር ነው። 5 ማይክሮሊትር ባክቴሪያ ለ1 ደቂቃ ያሳርፉ፣ ትርፉን በማጣሪያ ወረቀት ከጠርዙ ያስመጥጡ፣ በውሃ ጠብታ ሁለቴ ይጠቡ፣ 1 በመቶ ዩራኒል አሲቴት (ማቅለሚያው) ለ30 ሰከንድ፣ እንደገና አስመጥጦ ማድረቅ። ፎስፌት ያለበት በፈር (አሲድነትን የሚያረጋጋ ፈሳሽ) በደንብ ካልታጠበ ከዩራኒሉ ጋር ይዘቅጣል፤ ጥቁር ጥቁር ፍርፋሪ ካዩ ግሪዱን አይውቀሱ።

ፒለስ ሲጠፋም ጥፋቱ በግሪዱ ይላከካል። ክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ቱቦው ውስጥ ተሰብሯል፦ በቮርቴክስ (ቱቦ አናዋጭ መሣሪያ)፣ በኃይለኛ ሴንትሪፊዩጅ፣ በቀጭን የፒፔት ቲፕ ሲመጠጥ። የቲፑን ጫፍ በመቀስ ቆርጦ ማስፋት ይረዳል። ባክቴሪያው በ37 ዲግሪ፣ ገና በመባዛት ላይ ሳለ ይወሰድ፤ ሲያድር ከጠገበ ካልቸር (የባክቴሪያ እርባታ) ፒለስ መፈለግ ድካም ነው።

የታየው ክር ሁሉ ደግሞ ኤፍ ፒለስ አይደለም። ዓይነት 1 ፊምብሪያ፣ ባክቴሪያው ለመጣበቅ የሚጠቀምበት ሌላ ክር፣ ውፍረቱ 7 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በዓይን መለየት አያስተማምንም። ኤምኤስ2 ፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ለጥቂት ደቂቃ ከካልቸሩ ጋር ሲቆይ ግን 27 ናኖሜትር የሚሆኑት ኳሶች በኤፍ ፒለሱ ጎን እንደ ጨሌ ይደረደራሉ፤ ፊምብሪያው ባዶውን ይቀራል።

ከዚህ በላይ አይጠብቁበት። የፒለሱ እያንዳንዱ ፕሮቲን አንድ ፎስፎሊፒድ (የሴል ሽፋን ቅባት) እንደሚይዝ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (ናሙናው ሳይቀለም በፍጥነት በርዶ በሚታይበት) ነው፤ ማቅለሚያ ከ2 ናኖሜትር በታች ብዙም አያሳይም።

ለኢሚውኖጎልድም (የወርቅ ቅንጣት በያዘ ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲንን ለይቶ ማሳየት) አይመከርም፤ መዳቡ ጨዋማ በፈር ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ ይበላል። ለዚያ ኒኬል ይሻላል፣ ማግኔት የማይስበው መቆንጠጫ ካለዎት፤ አለበለዚያ ግሪዱ ከጫፉ አልላቀቅ ይላል።