ስምንት ወር ከቢጫዋ ቴስተር ጋር

ይቺን ቢጫ ዲጂታል ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ የገዛኋት በንዴት ነው። ጥቅምት ላይ የኮሮላዬ ሞተር ወርዶ ታደሰ። ፒስተኑ፣ ፋሻው፣ ብሮንዚናው ሁሉ አዲስ። የሞተሩ ዋና አካል ብሎኩ ሳይቀር ቀለም ተቀባ፣ ሲያዩት ያምራል። ቁልፍ ሳዞር ግን «ጠቅ» ብቻ! ጋራዡ «ሞተሪኖው ሞቷል፣ ቀይር» አለኝ፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ማለቱ ነው። ሞተሩ ሳይወርድ በፊት እኮ በአንድ ቁልፍ ነበር የምትነሳው። ለሁለት ሳምንት መኪናዬን የማቆመው ቁልቁለት እየመረጥኩ ነበር። መግፋት ሲሰለቸኝ ወደ ጅማው ሂርማታ ገበያ ወረድ ብዬ ቴስተሯን ይዤ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ያሳሳተችኝ ራሷ ናት። ባትሪው ቆሞ 12.6 ቮልት አለ፣ ሙሉ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ብሎኩ ያለውን ማሳ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ገመድ፣ በድምፅ ሞከርኩ፣ «ጢጥ» አለች። ደህና ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ለመጮህ ጭላጭ ግንኙነት ይበቃታል። ሞተሪኖ ግን ሲዞር ከመቶ አምፔር በላይ ሊጎትት ይችላል።

ነገሩን ያወጣው እጄ ነው። ቁልፍ ደጋግመን ካዞርን በኋላ የነዳጅ መስጫውን ካቦ ነካሁት። ትኩስ! ካቦ ምን አገባው? እንግዲህ ኤሌክትሪኩ መንገድ አጥቶ በሱ በኩል እየተመለሰ ነበር።

የጎረቤቴን ልጅ መሪ ላይ አስቀመጥኩትና ቴስተሯን ቮልት ላይ አደረግኩ። ቀዩን ጫፍ ብሎኩ ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ።

«ጋሼ፣ ልበለው?»

«በለው!»

3.2 ቮልት። ይህ በማሳው መንገድ ላይ የሚባክነው ነው፣ መሆን የነበረበት ከ0.2 በታች ነው። የማሳውን ብሎን ስፈታ ገመዱ የታሰረው ያ የሚያምረው ቀለም ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት፣ መልሼ አሰርኩ፣ ልጁ እንደገና አለው። 0.1። መኪናዋም ወዲያው ተነሳች።

ከዚያ ወዲህ የዲናሞውን ቻርጅ በየጊዜው እለካለሁ፣ 14.1 አካባቢ ነው። ሰኔ ላይ ግን 15.8 አለችና ዲናሞው ባትሪዬን ሊያቃጥል ነው ብዬ ደነገጥኩ። ጥፋቱ የሷ ነበር። ውስጧ ያለው የ9 ቮልት ባትሪ ሲደክም እያጋነነች ታነባለች። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ የባትሪ ምልክት ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑ።

ሌላው ጉድለቷ ገመዶቿ ናቸው። ቀጭኖች ናቸው፣ ቀዩ አንገቱ ላይ በሦስተኛው ወር ተሰነጠቀ። በናስትሮ ጠቅልዬ እየሠራሁባት ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ጫፎቹን ያዝጋል፣ መጥረግ ግድ ነው። ባለ 10 አምፔሩን ቀዳዳ ደግሞ ሞተሪኖ ለመለካት እንዳትነኩት፣ ከአቅሙ በላይ ነው።

ደግሜ እገዛታለሁ? አዎ፣ ገመዱ ወፈር ያለውን መርጬ። ሞተሪኖው አሁንም ያው የድሮው ነው። ቴስተሯ ግን ይህን ስጽፍ ቤት የለችም፣ የሰፈራችን ባለባጃጅ ከትናንት ወዲያ እንደተዋሳት ነው።