የአካቶ ትምህርት ሥልጠና ሪቪው፦ የሁለት ቀኑን አዳራሽ ተዉት፣ ማክሰኞዎቹን ጠይቁ

እሺ፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ትምህርት ቤታችሁ የወሰደው ሥልጠና ይረባል ወይ፣ እንግዛው ወይ እያለ እየጠየቀኝ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የኬጂ አስተማሪ ነኝ፣ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸውን ነው የምይዘው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ተርም ትምህርት ቤታችን ለቅድመ መደበኛና ለአካቶ ትምህርት (አካል ጉዳት ያለበትም የሌለበትም ልጅ አንድ ክፍል አብሮ የሚማርበት ማለት ነው) ድጋፍና ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት አስመጥቶልን ነበር። ስሙን አልጠራም፣ የምወቅሰውም የማመሰግነውም ስላለኝ፣ ደግሞም እንዲህ ዓይነት ፓኬጅ የሚሸጡት ሁሉ አሠራራቸው ያው ነው፣ ሁለት ቀን አዳራሽ፣ ከዛ አንድ ሰው ክፍል ድረስ እየመጣ ክትትል፣ መጨረሻ ላይ ሪፖርትና ሰርተፊኬት። የኛ ክትትል ስድስት ጊዜ ነበር፣ ሁሌ ማክሰኞ።

አዳራሹን ቶሎ ልጨርሰው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሙሉ ስላይድ ነው። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የሳላማንካ መግለጫ፣ 92 መንግሥታትና 25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስፔን ላይ ተሰብስበው ልጅ ሁሉ ሰፈሩ ካሉ ልጆች ጋር አብሮ ይማር ያሉበት፣ ከዛ የ2006ቱ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ከነ አንቀጽ 24፣ ምናምን ምናምን (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አንብቡልኝ)። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደውም አንቀጽ 24 ላይ ያለችው ትምህርት ቤቱ እንደ ልጁ ፍላጎት ተገቢውን ማመቻቸት ያድርግ የምትለዋ ነገር በኋላ ከዳይሬክተራችን ጋር ስንከራከር ጠቅማኛለች። ግን ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ አንድ የሚናከስ ልጅ አለ፣ ከነገ ወዲያ ስመለስ ምን ላድርገው?

ከሰዓት ደግሞ ጭራሽ ያናደደኝ መጣ። ፎርም አደሉንና ልጆቻችሁን በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእንቅስቃሴ የሚማር እያላችሁ ክፈሉ ተባልን። ይሄ እኮ የቆየ ነገር ነው፣ በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ጓደኞቹ የነበሩትን ጥናቶች ገምግመው ልጅን "በስታይሉ" ለይቶ ማስተማር የተሻለ ውጤት ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብለው ጽፈዋል። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፣ አሠልጣኙ "ጥሩ ነጥብ ነው" አሉና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ። ለሁሉም ልጅ ማሳየትም መናገርም ማስነካትም ጥሩ እንደሆነ ማንም አይክድም፣ ልጁ ላይ "ይሄ የጆሮ ነው" ብሎ መለጠፍ ግን ሌላ ነው፣ መለጠፍ ይቅር ብለን አይደል እንዴ የተሰበሰብነው።

ሁለተኛው ቀን ዓይናችንን በጨርቅ አስረው ኮሪደሩን አስኬዱን። ግማሹ ሳቀ፣ አንዷ ባልደረባዬ እንባዋ መጣ፣ "ሲያሳዝኑ!" አለች፣ ትርፉ እሱ ነው በቃ። አምስት ደቂቃ ዓይኑ የታሰረ ሰው የሚያውቀው ድንገት አለማየት እንዴት እንደሚያስደነግጥ ነው እንጂ ዓመታት በነጭ በትርና በብሬል ተክኖ የሚኖር ሰው ሕይወት አይደለም፣ ይሄን ጨዋታ የሚቃወሙ አካል ጉዳተኞችም ብዙ ናቸው። ደግሞ ከአራቱ አሠልጣኞች አንድም አካል ጉዳተኛ አልነበረም፣ "ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም" የሚለው የአካል ጉዳተኞች መፈክር ግን ግድግዳው ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ወይ ጉድ።

ዳይሬክተራችን መክፈቻው ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡና ሄዱ። ረዳቶቻችን ጭራሽ አልተጠሩም፣ ልጆቹን ሽንት ቤት የሚወስዱት፣ ሲያለቅሱ የሚያቅፉት እነሱ ሆነው ሳለ "ለመምህራን ብቻ" ተባለ። የተሰጠን ማኑዋል ወፍራም ነው፣ ፎቶዎቹ ኮፒ ሲደረጉ ጥቁር ስለሆኑ ምን እንደሚያሳዩ አይታወቅም። እዚህ ላይ ሪቪው ጻፊ ብትሉኝ ኖሮ "ጊዜያችሁን አታባክኑ" ብዬ ነበር የምጨርሰው።

ከዛ ማክሰኞ መጣ።

የተመደቡልን ሴትዮ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ አዳራሹ ውስጥ አላየናቸውም። ገቡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ምንጣፉ ጥግ ላይ ቁጭ አሉ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ፈተና ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ። ልጆቹ ሲወጡ ሦስት ዓምድ የተሰመረበት ወረቀት ሰጡኝ፣ ከመናከሱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዛ ምን ተከተለ። "ሳምንቱን ሙሉ ሙዪልኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን እንዳትጽፊ፣ ያየሽውን ብቻ" አሉ።

የማላውቀው ነገር አልነበረም፣ ኮሌጅ ተምረነዋል፣ ግን ማን ይሞላዋል። አሁን ግን ማክሰኞ ተመልሰው እንደሚመጡና እንደሚጠይቁኝ ስላወቅኩ ሞላሁ። ልዩነቱ ያ ነው እኮ። ዘጠኝ ጊዜ ተናከሰ፣ ከዘጠኙ ሰባቱ "ተነሱ፣ እቃ እንሰብስብ" ካልኩ በኋላ ነው። እኔ እቃ መሰብሰብ ስለሚጠላ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር፣ እናቱንም ጠርቼ "ቤት እቃ ይሰብስብ" ብያታለሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ሴትየዋ ወረቀቱን አዩና "ነይ ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ (ደግሞ ዓይን ሊያስሩኝ ነው ብዬ ነበር)፣ ረዳቴን ወንበሮቹን አንድ ላይ እንድትጎትት አደረጉ። የሠላሳ ወንበር ብረት እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት! ዘጠኝ ዓመት እዛ ድምፅ ውስጥ ኖሬ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ልጁ እየተናከሰ የነበረው ወንበሮቹ ሲንቋቁ አጠገቡ የተገኘውን ነው።

መፍትሔው ያረጀ የቴኒስ ኳስ ነው። ኳሱን በቢላ በመስቀለኛ ትቀዱትና የወንበሩ እግር ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ድምፁ ድፍን ይላል። ለሠላሳ ወንበር መቶ ሃያ ኳስ መልቀም ቀላል አልነበረም፣ ግማሹን ወላጆች አመጡልን። ለልጁ ደግሞ ሁለት ቦታ ያላት ትንሽ ሰሌዳ፣ በአንዱ በኩል "አሁን" በሌላው "ቀጥሎ"፣ ሥዕሎቹ በቬልክሮ ይለጠፋሉ። ከመነሳታችን በፊት እሱ ብቻውን መጥቶ ሥዕሉን ይቀይራል፣ ከዛ ነው ሌላው ክፍል የሚነሳው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተናከሰው። ዜሮ አልሆነም፣ አንዱ እንደውም የኔ ክንድ ነበር፣ ግን ከዘጠኝ ወደ ሁለት መውረዱን ክፍል ውስጥ የዋለ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ማክሰኞ የኔ ተራ ሆነ። ስልካቸው ላይ ሰዓት ከፍተው ጥያቄ ጠይቄ መልሱን እስክናገር ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ ለኩኝ። አንድ ሰከንድ! አንዳንዴ እሱም አይሞላም፣ ጠይቄ ራሴው መልሼ "ጎበዝ" እላለሁ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይሄንኑ አግኝታዋለች፣ አስተማሪዎች በአማካይ አንድ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚጠብቁት፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ሴትየዋ ደግሞ ንግግር ለሚያዘገየው ልጅ ከዛም በላይ ጠብቂ፣ እጅሽን ከኋላ አድርገሽ በጣትሽ ቁጠሪ አሉኝ። አራት ወር ክፍል ውስጥ ቃል ያልወጣት ልጅ አለችኝ። ኪዩብ አሳይቻት "ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አልኩና ቆጠርኩ፣ አራት፣ አምስት፣ አጠገቧ ያለው ልጅ ሊመልስላት ሲል በዓይኔ አስቆምኩት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ "ሰማያዊ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ግን ቆሽሿል" አለች። እውነቷን ነው፣ ኪዩቦቹ ከታጠቡ ቆይተዋል።

አራተኛው ማክሰኞ ላይ "አይሰማኝም፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው" ብዬ የተውኩትን አንድ ልጅ አይተው መጀመሪያ ጆሮው ይታይ አሉ። እናቱ ይዛው ሄደች፣ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነው፣ በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነገር ነው ተባለ፣ እየመጣ እየሄደ ስለሚሆን አንድ ቀን ይሰማል በማግስቱ አይሰማም፣ ለዛ ነው እልኸኛ የመሰለኝ። ሕክምናው የሐኪም ሥራ ነው፣ የኔ ሥራ ግን ወደ ፊት ማስቀመጥና መስኮቱን ከጀርባዬ አድርጌ መቆሜን መተው ነበር። ብርሃን ከኋላዬ ሲመጣ ፊቴ ይጠቁራል፣ ከንፈሬ አይታይም። አንድ ሜትር ዞሬ መቆም ብቻ! ለዚህ ሰርተፊኬት አያስፈልግም፣ ያ ሰው ግን አስፈለገኝ።

አምስተኛው ላይ ከረዳቴ ጋር ትንሽ ተቀያየምን። ክራንች የምትጠቀም ልጅ አለችን፣ ረዳቴ ከሷ አትለይም፣ ቦርሳዋን ትይዛለች፣ እርሳሷን ትቀርጻለች፣ ተራ ስንጫወት ራሷ ትጫወትላታለች። ሴትየዋ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ከልጅቷ ጋር ያወራ ልጅ ቆጠሩ፣ አንድ። ከትልቅ ሰው ጋር የተነጋገረችው ደግሞ ሃያ ምናምን ጊዜ። ይሄም የታወቀ ነገር ነው፣ የአካቶ ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ በ1997 ባወጡት ጥናት ረዳት ሁልጊዜ ከልጅ ጎን ሲጣበቅ ሌሎች ልጆች ይርቃሉ፣ አስተማሪዋም ልጁን የረዳቷ አድርጋ ትተወዋለች ብለዋል። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፣ አመንኩ። ረዳቴ ግን ተከፋች፣ "ስረዳ ጥፋት ሆነ" አለች፣ እውነት አላት፣ ሥልጠናው ላይ ማን ጠራት? አዳራሹ ውስጥ ያጠፉት ክፍሌ ውስጥ መጥቶ ፈነዳ። አሁን አንድ ክንድ ያህል ርቃ ትቀመጣለች፣ ልጅቷ እርሳሷን አጠገቧ ካለው ልጅ ትዋሳለች፣ ይጣላሉም፣ በደንብ ነው የሚጣሉት።

ስድስተኛው ማክሰኞ በስልክ ተሰረዘ፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ሰው ተላከልን። የተላከው ሰውዬ ምስኪን ጥሩ ሰው ነው ግን ክፍሉን አያውቀው፣ ልጆቹን አያውቃቸው፣ ከዜሮ ልንጀምር ሆነ። ሪፖርቱም ዘግይቶ መጣ፣ ስለኛ ክፍል ያለው አንድ አንቀጽ ነው፣ የቀረው ከሌላ ሪፖርት የተገለበጠ ነው የሚመስለው፣ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ "ሦስተኛ ክፍል" ይላል። ደውዬ ተናገርኩ፣ "እናስተካክላለን" አሉ፣ እስከ ዛሬ ያው ነው።

እና ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፦ ሲደውሉላችሁ ስለ ሞጁሉና ስለ ሰርተፊኬቱ ነው የሚያወሩላችሁ፣ እናንተ ግን ክፍል የሚመጣው ማነው፣ ስንት ጊዜ፣ ያው አንድ ሰው ነው ወይ በሏቸው። የመምህራን ሥልጠናን ያጠኑት ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ ንድፈ ሐሳብም ሠርቶ ማሳየትም ልምምድም ቢኖር ክፍል ውስጥ አብሮ የሚሠራ ሰው ከሌለ የተማሩት ወደ ሥራ የሚገባው በጣም ትንሹ ነው። ረዳቶች ይግቡ ብላችሁ አስጽፉ፣ በቃል አትመኑ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ አዳራሹን አንዱን ቀን አስቀንሱና ማክሰኞ አስጨምሩ፣ እምቢ ካሉ ሌላ ፈልጉ። እኛ ለሚቀጥለው ተርም እንደዛ ጠይቀናል፣ ያቺኑ ሴትዮ በስም ጠቅሰን፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

ኳሶቹን ግን ሳትነግሪን ብላችሁ እንዳትወቅሱኝ፣ ልጆቹ አሁን ከወንበሩ ላይ መፈልቀቅ ተምረዋል፣ ትናንት ሦስት ወንበር ባዶ እግሩን ቆሞ አገኘሁት፣ መሪው ደግሞ ያው የሚናከሰው ልጄ ነው፣ ሁለቱን ኪሱ ውስጥ ከቶ።