ለድርጭት የሽቦ ወለል ወይስ ጉዝጓዝ?

ምርጫውን የሚያከብደው ክሎስትሪዲየም ኮሊነም የተባለው አንጀት የሚያቆስል ባክቴሪያ ነው። በኩስ ይተላለፋል፤ ስፖሩ፣ ማለትም ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ሽቦ፦ ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል፤ ወፎቹ አይለቅሙትም። መነሻ ወጪው ግን ከበድ ይላል። ሻካራ ከሆነም እግር ያቆስላል።

ጉዝጓዝ፦ ርካሽ ነው፤ ወፎቹም አቧራ ላይ እንደልባቸው ይንከባለላሉ። ከረጠበ ግን ጣጣ ነው። ኮክሲዲያ የተባለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ይስፋፋበታል፤ እሱ የጎዳው አንጀት ደግሞ ለክሎስትሪዲየም በር ይከፍታል። ላባውን ነፍቶ፣ ኩርምት ብሎ፣ ውሃማ ነጭ ኩስ የሚጥል ወፍ ካዩ ለይተው ሐኪም ይጥሩ። አንዳንዱ ምልክት ሳያሳይም ድፍት ይላል።

በሽታው ቀድሞ በገባበት ግቢ እኔ ሽቦን እመርጣለሁ። ቦታው አዲስ፣ ወፎቹ ጥቂት፣ ጉዝጓዙን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ካለ ግን ጉዝጓዝ ምን አለው? ሜዳ ላይ ለሚለቀቁት ደግሞ መሬቱን ቀድመው ቢለምዱት ይሻላል።