የስፒከር ገመድ፦ ተገጣጥሞ የተሸጠውን መግዛት ወይስ በራስ እጅ መሥራት?

ለቤት የድምፅ መሣሪያ የስፒከር ገመድ የሚፈልግ ሰው ሦስት ምርጫ አለው፤ ስም ያለውና መሰኪያው ተገጥሞለት የሚሸጥ ውድ ገመድ፣ በጥቅል የሚሸጥ ርካሽ ቀይና ጥቁር ገመድ፣ ወይም በሜትር ገዝቶ በእጅ የሚሠራ የመዳብ ገመድ። እኔ የማደላው ወደ ሦስተኛው ነው፤ በድምፅ ላይ ለውጥ የሚያመጡት የገመዱ ውፍረት፣ ርዝመትና የመገናኛው ጥብቀት ሲሆኑ፣ ሦስቱንም ገዢው ራሱ ሊወስናቸው ይችላልና።

በተለመደው መመዘኛ የገመዱ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካ) ከስፒከሩ ኢምፒዳንስ (ስፒከሩ ራሱ ለድምፅ ሞገዱ ኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለባለ 4 ኦም ስፒከር ይህ 0.2 ኦም ነው። በ5 ሜትር ርቀት፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ 0.23 ኦም ገደማ ስለሚኖረው ከወሰኑ ያልፋል፤ ባለ 1.5ቱ 0.12 ያህል፣ ባለ 2.5ቱ ደግሞ 0.07 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለአብዛኛው ሳሎን 1.5 ይበቃል፤ ርቀቱ ወደ 10 ሜትር ከተጠጋ 2.5 ይመረጣል።

ርካሹ ጥቅል ብዙ ጊዜ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። ሬዚስታንሱ በተመሳሳይ ውፍረት የንጹሕ መዳብን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ ክሩም ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል። ከመግዛትዎ በፊት አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው።

ውዱ ገመድ በአሠራሩ ንጽሕናና በመሰኪያው ጥራት ይመሰገናል። ነገር ግን ኦክስጅን የለሽ መዳብ ከተራው የኤሌክትሪክ መዳብ በአስተላላፊነት የሚበልጠው በ1 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ብሎ ብዙ እጥፍ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም፤ ያንኑ ጥቅም ትንሽ ወፈር ያለ ገመድ በቀላሉ ይሰጣል። ገመዱ በግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ከሆነ ግን ለዚያ ተብሎ የተመረተውን መግዛት ይሻላል።

በእጅ ለመሥራት የወሰነ ሰው ባለ ብዙ ክር ገመድ ይምረጥ። ለቤት መብራት የሚዘረጋው ድፍን ሽቦ ድምፁን አያበላሽም፤ ደጋግሞ ሲታጠፍ ግን ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎችን እንደ ሹሩባ መጎንጎን ካፓሲታንሱን (ገመዱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ስለሚጨምርና አንዳንድ አምፕሊፋየሮችን ስለሚያውክ አልመክረውም። ጫፉን 1 ሴንቲሜትር ያህል ሲልጡ ክሮቹን አይቁረጡ፤ በብሎን በሚጠብቅ ባናና መሰኪያ (በመሣሪያው ቀዳዳ የሚገባ ነጠላ ዘንግ ያለው መሰኪያ) ውስጥ የሚገባውን ጫፍ በሊድ አይበይዱት፤ ሊዱ በጫና እየተጨፈለቀ መገናኛው ይላላልና። አንዲት ያፈነገጠች ክር ሁለቱን ጫፎች ብታገናኝ አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ስለምትችል፣ ገመዱን በመሣሪያው ላይ ከመሰካትዎ በፊት ሁለቱ አለመነካካታቸውን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለኩ። በሁለቱም ስፒከሮች ላይ ቀዩ ከቀይ ጋር መገናኘቱንም ያረጋግጡ፤ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል።