ጡት ማሳነሻ ኦፕራሲዮን፦ ሐኪሙ ጎበዝ፣ ክትትሉ ግን...

ጡቴን ያስቀነስኩት አዲስ አበባ፣ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስሙ ይቅር። መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ቅርጹ ቆንጆ ነው፣ የአንገትና የትከሻ ሕመሜም ለቆኛል። የሐኪሙ እጅ ይባረክ።

ጣጣው የመጣው ስፌቱ ሲከፈት ነው። ለማታውቁ፣ ቆዳው በጡት ጫፍ ዙሪያ ይቆረጥና ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ከጡት ሥር በአግድም ይሄዳል። ቁልቁል የወረደውና የአግድሙ መስመር የሚገናኙበት ቦታ በጣም ይወጠራል፣ ደምም እንደ ልብ አይደርሰውም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እሱ ነው፣ የኔም እዚያው ተከፈተ። ሐኪም ተሳሳተ ማለት አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳር ያለበት ወይም ክብደቱ ከፍ ያለ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔን ያናደደኝ ማንም ቀድሞ አለመንገሩ ነው። ስደውል እንግዳ ተቀባይዋ "ቀጠሮሽ ገና ነው እኮ" አለችኝ። ቁስል ቀጠሮ ያውቃል እንዴ? ሄጄም እንደ አዲስ ካርድ አውጪ ተባልኩ፤ ለጎዙ ለብቻ፣ ለማጠቢያው ለብቻ ክፈይ።

ያዳነችኝ ቁስል የምታጥበዋ ሲስተር ናት። በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ ነው) አጥባ የማይጣበቅ ጎዝ ታደርግበታለች፣ ሲነሳ እንዳይደማ። ለምን መልሰው እንደማይሰፉት ያስረዳችኝም እሷ ናት፦ ተከፍቶ የቆየ ቁስል ቢሰፋ ጀርሙ ውስጥ ይታሸጋል፣ ከሥር እየሞላ በራሱ ቢዘጋ ይሻላል፣ ሳምንታት ቢፈጅም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እየደጋገማችሁ አታፍስሱበት፣ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳዋል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ አንዷ ማር፣ አንዷ ፌጦ አዘዙልኝ። ፌጦ፣ ጡት ላይ! ሲስተሯ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

የሆስፒታሉ ፋርማሲ ደግሞ ቁስሌ ገና ክፍት ሳለ የጠባሳ ሲሊኮን ጄል ሊሸጥልኝ ነበር። እሱ የሚቀባው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። እንዴት ይህን አያውቁም?

ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ የሚሸት መግል ካያችሁ ወይም የጡታችሁ ጫፍ ከጠቆረ ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትሉ ወዲያው ሂዱ።

ለሐኪሙ 5 ኮከብ፣ ለሲስተሯም 5። ለክትትሉ 1፣ እሱም ከሲስተሯ ጋር ስላገናኘኝ ነው። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ለመሠራት የምታስቡ እህቶች፣ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት የቁስል ማጠቢያው ዋጋው ውስጥ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስፌቱ እሁድ ማታ ቢከፈት የምትደውሉበትን ስልክም እዚያው ተቀበሉ፣ የእንግዳ መቀበያውን ሳይሆን የሚያነሳ ሰው ያለበትን።