ያገለገለችው ማውንቴን ብስክሌቴ፦ ዘጠኝ ወር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ

ጥቅምት ላይ መርካቶ ነው የገዛኋት። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ 21 ማርሽ፣ ያገለገለች። ፍሬሟ ላይ የነበረው ስም ተፍቋል። ሻጩ «ጀርመን ናት» አለኝ። አላመንኩትም፤ እሱም አምነዋለሁ ብሎ የጠበቀ አይመስለኝም። 18 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። አሁን ሐምሌ ነው።

አዘውትሬ የምነዳት ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ወርጄ፣ ወንዙ ዳር በተሠራው አዲስ መንገድ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ደስ ይላል። እውነት ለመናገር እዚህ ማውንቴን አያስፈልግም፤ ንጣፉ ለስላሳ ነው። አንድ ቀን ጥበቃው «ውረድና ግፋ!» አለኝ። ወርጄ ስገፋ ቀጣዩ ጥበቃ «ምነው ተበላሸብህ እንዴ? ንዳው እንጂ» አለኝ። ሽታውን ከጠየቃችሁኝ፣ ወንዙ ገና አልጠራም። ፀሐይ ስትከር ይብሳል።

ለመግዛት ካሰባችሁ የማርሽ ብዛት አይሸውዳችሁ። እኔ ከ21ዱ አምስቱን ብጠቀም ነው። መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው። የቀበና ወንዝ የሚነሳው ከእንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ደግሞ 2,100 ገደማ። በ2011 ዓ.ም. የሸገር ወንዝ ዳር ሥራ ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ሲባል የሰማን ሰዎች ርዝመቱን እንጂ ቁልቁለቱን አላሰብንም።

እኔ ያሰብኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። ከእንጦጦ ስወርድ የኋላው ፍሬን ጎማ አልቆ ኖሮ፣ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቀው ጀመር። ጩኸቱ ጥርስ ያፋጫል። ሽሮ ሜዳ ስደርስ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡት ሁሉ ሥራ አቁመው አዩኝ። ከዚያ ወዲህ ፍሬን ጎማ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሰንሰለቷን ግን ዘይት ከመቀባት በቀር አልነካኋትም። ኮርቻውን በሁለተኛው ሳምንት ነው የቀየርኩት፤ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አቃቂ እወርዳለሁ። በቃሊቲ በኩል ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት አለ፤ እሱን አልመክርም። ከአስፋልቱ ስትወጡ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ፣ አለፍ ሲል የእህል ማሳ። ማውንቴን መግዛቴን የወደድኩት እዚህ ነው። ኮረኮንቹን ትችለዋለች።

ዋልካውን ግን አልቻለችውም። ሰኔ ላይ ዝናብ ባደረ ማግስት ሄድኩ። ሃያ ሜትር ሳልነዳ ጥቁሩ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ገብቶ ተጠቀጠቀ። ጎማው መዞር አቆመ። ብገፋት ትንሸራተታለች እንጂ አትንከባለልም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ በዱላው እየፋቀ አገዘኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ተሸከማት እንጂ» አለኝ። እስከ አስፋልቱ ተሸከምኳት። መመለሻውን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጫንኳት፤ ረዳቱ የእኔን ሒሳብ እጥፍ ለእሷ አስከፈለኝ።

በማግስቱ ፓራፋንጎውን ፈትቼ ጣልኩት። አሁን በዘነበ ቁጥር ጀርባዬ ላይ የጭቃ መስመር ይዤ ቢሮ እገባለሁ። አቃቂ እስከ መስከረም ይቆየኝ።